የበረንዳው ብረት

ጥር 3

መጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ፤ በኋላ ገልጬ ሳነብ ራሴን እንዳላታልል። ሐዳሳ ከቤት የወጣችው ተጣልታኝ አይደለም። ተድራም አይደለም። ክብደት ልታነሳ ነው የሄደችው። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቡድኑ የሚመረጥበት ካምፕ ገብታለች። አራተኛ ወሯ ነው። ሂጂ ያልኳትም እኔው እናቷ ነኝ። ስለዚህ ናፈቀችኝ ብዬ የምከስሰው ሰው የለም።

ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ በአሥራ ሁለት ሰዓት ምን ይቀሰቅሳታል? ጆሮዬ ነው። በዚህ ሰዓት ሐዳሳ በረንዳው ላይ ብረቷን አሮጌው ጎማ ላይ ስትጥለው ቤቱ ይደነግጥ ነበር። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። ስንት ጊዜ ተቆጣሁ! "አንቺ ልጅ፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ አታስቀሪልኝም?" አሁን ብርጭቆዎቹ ዝም ብለዋል። አንድም አልተሰበረም።

የበረንዳው ምሰሶ ላይ የእጇ አሻራ አለ። ነጭ። ብረቱ እንዳያዳልጣት የኔን ጠመኔ ፈጭታ እጇን ትቀባ ነበር። ከትምህርት ቤት ስሰናበት ይዤ የመጣሁትን አንድ ካርቶን ጠመኔ ጨረሰችው። ቤት ሳጸዳ ያንን ምሰሶ እዘለዋለሁ።

ለምሳ ሁለት ዓሣ ጠበስኩ። ሁለተኛውን ድመቷ በላችው።

ጥር 5

የአጥር ጎረቤቴ የሺ መጣች። ሐዳሳ የላከችውን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው…

"ይቺ ሐዳሳ ናት? ወይ ጉድ! አንገቷ የት ሄደ?"

"ትከሻዋ ውስጥ ገባ።"

"ቲቸር፣ አንቺ ትቀልጃለሽ። ይሄ ትከሻ በበር ይገባል? ቬሎ ሰፊውን ምን ልትይው ነው?"

"ጨርቅ ጨምር እለዋለሁ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እኔስ በፊት ከሷ በምን እሻል ነበር?

ሰው ክብደት አንሺ ሲባል ደረቱን ነፍቶ መስታወት ፊት የሚቆም ጎረምሳ ይመስለዋል። ልጄ ከሄደች ወዲህ የዓለም ውድድሮችን በስልኬ አጠናሁ። የፈተና ወረቀት እንደማርም፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። ታላላቆቹ እግራቸው አጠር፣ ወገባቸው ረዘም ያለ ነው። ጭናቸው ከኔ ወገብ ይወፍራል። ቦርጭ ያላቸውም አሉ፣ ማንም አይታዘባቸውም። ቅልጥማቸውን ብረት ፍቆታል። የአንገታቸው አጥንት ላይ ብረት የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል። ኃይሉ ደግሞ ክንዳቸው ላይ አይደለም። ክንድ እንደ ገመድ ነው፣ የሚያነሳው እግርና ጀርባ ነው። ፍጥነታቸውስ! ብረቱ ገና አየር ላይ ሳለ እነሱ ከሥሩ ቁጢጥ ብለው ይጠብቁታል፣ ተረከዛቸው ከመሬት ሳይነሳ። እኔ እንዲያ ቁጢጥ ብል ሦስት ሰው ነው የሚያነሳኝ።

ሐዳሳ ያ ሰውነት አላት። ትምህርት ቤት በሩጫ ሁሌ መጨረሻ ትወጣ ነበር። "እማ፣ እግሬ ለምን አጠረ?" ትለኝ ነበር። ለዚህ ነበር ለካ።

ጥር 9

አልደወለችም። ኔትወርክ ይሆናል።

ጥር 11

ጥምቀት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። እኔ ጴንጤዋ ከስልኬ ጋር ቀረሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ደወለች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ።"

"ተናገሪ።"

"ብረቱን ከራሴ በላይ ሳወጣው ግራው ይቀድማል። ቀኙ ይዘገያል። ዳኞች እንዲህ ያለውን አያጸድቁም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ። ቀላል ላይ አይታይም፣ ሲከብድ ነው… በልምምድ ይስተካከላል ብለው ነበር። አልተስተካከለም።"

"ያምሻል?"

"አያምም። ቢያመኝ ይሻል ነበር።"

ከዚያ ስለ ምግብ አወራን። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ። "እጃችንን የምንቀባው የነሱ ዱቄት ግን ያንቺን ጠመኔ አያክልም" አለች። ልታስቀኝ ነው።

ጥር 12

ከኋላዋ የተቀረጸ ቪዲዮ ላከችልኝ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እውነቷን ነው፣ ግራው ይቀድማል። ደግሞ ሌላም አየሁ። በግራ በኩል ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ያለው ሥጋ ከቀኙ ወፍሯል። ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ያንን ጀርባ ሕፃን ሆና ያጠብኩት እኔ ነኝ። በዘይት ያሸሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አልነበረም… ወይስ ነበረና አላየሁም?

ጥር 16

አሰልጣኟ ገብረጻድቅ ራሱ ደወለ። ጨዋ ሰው ነው።

"እናት፣ ልጅዎ ሠራተኛ ናት። በስልሳ ሦስት ኪሎ ምድብ እንደሷ ያለ እግር አላሠለጠንኩም።"

"እና?"

"ጀርባዋ ነው። ራጅ አስነሳናት፣ ትንሽ ጠመም ይላል። ሐኪሙ ሲፈጠር ጀምሮ ሊሆን ይችላል ይላል። እንደዚያ ከሆነ ከባድ ብረት ልጭንባት አልችልም። ነገ አካለ ስንኩል ብትሆን እርስዎን በምን ዓይኔ አይዎታለሁ? ወሩ ሲያልቅ እንወስናለን።"

"ከወሰናችሁስ?"

"ወደ እርስዎ ትመለሳለቻ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ወደ እርስዎ ትመለሳለች… ምን ተሰማኝ? ይኸው ልጻፈው። ደስ አለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ነው ያዘንኩት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር።

ጥር 18

አልጋዋን አነጠፍኩ። ከቆጮ ለምሠራላት ቡርሳሜ የሚሆን ቅቤ አዘዝኩ። ስትመጣ እንደልቧ ትበላለች፣ ኪሎ የሚቆጥርባት የለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ብረቱ። ተሸንፋ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን እንዲሆን አልፈልግም። ጓሮ ይሂድ።

አባቷ በኃይሉ ነበር የሠራላት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ። ባሌ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ወፍራም ብረት ቆርጦ አንዱን ጫፍ የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁሞ ሲሚንቶ ሞላበት። እሱ ሲደርቅ ገልብጦ ሌላውን ጫፍ ሞላ። ባልዲዎቹን ቀደደ። ግራውን አረንጓዴ፣ ቀኙን ቢጫ ቀባ። በረንዳችን ጠባብ ነው፣ ብረቱ ረጅም። እዚያ ከተቀመጠ ወዲህ ዞሮ አያውቅም። ሐዳሳ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ፣ በየማለዳው፣ አምስት ዓመት። በከተማው ክለብ እውነተኛ መሣሪያ የምታገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። የቀረው ሁሉ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው የተሠራው።

በኃይሉ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እሷም ስትሄድ ብረቱና እኔ ቀረን።

ጥር 20

ከመናኸሪያ ሁለት ተሸካሚዎች አስመጣሁ። ከበደና ዮናስ ይባላሉ።

"እማማ፣ ይሄ ምንድነው? የጋሪ ነው?"

"የልጄ ነው። ታነሳዋለች።"

"ለብቻዋ?" ተያዩ።

ከበደ አረንጓዴውን ጫፍ ያዘ፣ ዮናስ ቢጫውን። ጥቂት ተራመዱና ከበደ አቆመ።

"አንተ፣ ወደኔ አትግፋው!"

"ማን ገፋ? ቁርስ ሳትበላ መጥተህ ነው።"

"በልቻለሁ! ያንተ ጎን ባዶ ነው እንጂ። እያፏጨህ እኮ ነው የያዝከው።"

"ና በቃ፣ እንቀያየር። ሴት ልጅ የምታነሳውን…"

ተቀያየሩ። ዮናስ አረንጓዴውን ብድግ ሲያደርግ ፉጨቱ ቆመ።

"ምነው፣ ዘፈኑ አለቀ?" አለው ከበደ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አቮካዶው ሥር አስቀምጡት አልኳቸው። ነገ ጠዋት ተመለሱ፣ ገመድ ይዛችሁ።

ጥር 21

ክፍል ውስጥ ሚዛን ሳስተምር ዱላ መሃሉ ላይ በሲባጎ አስሬ አንጠለጥል ነበር። ዛሬም ያንኑ አደረግሁ። የብረቱን መሃል ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ከበደና ዮናስ እዚያ ላይ ገመድ አስረው ከአቮካዶው ወፍራም ቅርንጫፍ አንጠለጠሉልኝ። ልቀቁት አልኩ።

አረንጓዴው ወደ መሬት ወረደ። ቢጫው እጁን እንደሚያወጣ ተማሪ ቀስ ብሎ ተነሳ።

በኋላ ጫፍ ጫፉን የየሺ የእህል ሚዛን ላይ አሳረፍነው። ልዩነቱ ከአራት ኪሎ ይበልጣል።

ለምን? መጠናቸው አንድ ነው፣ የተሞሉትም አንድ ዓይነት ባልዲ ውስጥ ነው። ከቢጫው ጠርዝ በመዶሻ ሰብሬ ውስጡ ያለውን ድንጋይ ፈለቀቅሁ። ነጣ ያለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። ሳፋ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ተንሳፈፈ።

እዚህ ሐዋሳ የትም ብትቆፍር የሚወጣ ድንጋይ ነው። "የሚንሳፈፍ ድንጋይ ማን አይቷል?" እያልኩ ለስንት ክፍል አሳይቼዋለሁ።

አሁን ሁሉም ትዝ አለኝ። አረንጓዴው ቅዳሜ ተሞላ፣ ቢጫው እሑድ ከአምልኮ መልስ። ከሲሚንቶው ጋር የሚቀላቀለው ጠጠር አልቆ ነበር። በየሺ ግቢ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፈር ነበርና በኃይሉ ከዚያ ክምር ድንጋይ በአካፋ እያፈሰ አመጣ። ጠጠር እስኪገኝ፣ እስከ ሰኞ ቆይ አልኩት። "ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነው" አለኝ። "ጠዋት ስትነሳ አልቆ ታግኘው።" ሸሚዙ ሁሉ አመድ መስሎ… እንዴት ቸኩሎላት ነበር!

እና የልጄ ጀርባ? አምስት ዓመት ሙሉ ግራዋ ከቀኟ የበለጠ ተሸከመ። ሰውነቷ የተሰጠውን ትምህርት በትክክል ተማረ። የተሳሳተው ትምህርቱ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ የተማረ ሥጋ እንደገና መማር ይችላል።

ጥር 22

አልነገርኳትም።

ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ቅቤው መጣ፣ ደህና ቅቤ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ዝም ብል እኮ ትመጣለች። ስምንት ቀን ዝም ማለት ብቻ ነው። ከበደና ዮናስ እስካሁን ረስተውታል። የሺ ምን ገብቷት? ትመጣለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ብርጭቆዎቹ… አይ። ያኔ ብረት አታነሳም። ብርጭቆዎቹ ያው ዝም እንዳሉ ነው።

ዝም ማለት መዋሸት ነው? ተማሪ ቢጠይቀኝ መልሱን አውቀዋለሁ።

ጥር 23

ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ቅቤ ገዛሽ አሉ። እትዬ የሺ ነገረችኝ።"

"ገዛሁ።"

"መምጣቴ ቁርጥ ሆነ ማለት ነው።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"እማ፣ ጠዋት ጀርባዬን በመስታወት አየሁት። አስጠላኝ። እኔ እኮ ያጓደልኩት የለም። ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ። ብዪ ሲሉኝ በላሁ። እጄ ተልጦ ደም በደም ሆኖ አነሳሁ። ሰውነቴ ነው የከዳኝ።"

"አልከዳሽም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ነገ እነግርሻለሁ" አልኳትና ዘጋሁ። ለምን ነገ? አንዲት ቀን ልሰርቅ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ግን "አስጠላኝ" ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የገዛ ጀርባዋን…

ጥር 24

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ዛሬ ብርጭቆዎቹን አላዳመጥኩም። ወጥቼ የተንጠለጠለውን ብረት ቀረጽኩ። ሳፋው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ድንጋይም ቀረጽኩ።

የሺ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ቲቸር፣ በጠዋት ምን ትሠሪያለሽ? ልጅሽ መቼ ናት?"

"አትመጣም።"

"ቅቤውስ?"

"ቅቤው ነው የሚሄደው።"

እንደ ልማዴ መልእክቱን ከመላኬ በፊት እዚህ ጻፍኩት፣ አረምኩት። እንዲህ ይላል፦

ልጄ ሐዳሳ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ቪዲዮ እዪ። የተንጠለጠለው ያንቺ ብረት ነው። ገመዱ ልክ መሃሉ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። አረንጓዴው ከቢጫው ከአራት ኪሎ በላይ ይከብዳል። አባትሽ ጠጠር አልቆበት ቢጫውን በሚንሳፈፍ ድንጋይ ስለሞላው ነው። አትውቀሺው፤ ለጠዋት ሊያደርስልሽ ቸኩሎ ነው። ጀርባሽ ስትወለጂ ቀጥ ያለ ነበር፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሰውነትሽ አልከዳሽም። እኛ የሰጠነውን ነው የተሸከመው። ይህን ለአሰልጣኝ ገብረጻድቅ አሳዪው፣ ለሐኪሙም። ቀኝ ጎንሽን ለብቻው እንዲያሠሩት፣ ጊዜም እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው። አትምጪ። አልጋሽ ተነጥፏል፣ እንደተነጠፈ ይቆይሻል። ቅቤውን በነገው መኪና እልካለሁ፣ ለጓደኞችሽ አካፍዪ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ እኔም ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም። አሰልጣኙ ያለሽን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ዛሬውኑ መልሺልኝ።