ተቃውሞ አልቀረበም

አቃቂ፣ ኅዳር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ትርሲት፤ ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል? የአሶሳው ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬም ጉልበት ተሽሏታል።

እኔም ሥራ አግኝቻለሁ። አንድ የግል ኩባንያ ከሰፈራችን በታች፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ላይ ሮኬት ማስወንጨፊያ ሊሠራ አስቧል። በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠናው ቢሮ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጎ ቀጠረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ለውይይት ተጠርቶ እማዬም መጥታ ነበር። እጇን አውጥታ ተነሳችና «ይኼ ነገር ሲተኮስ የሚረግፈው መርዝ የምንጠጣው ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ፣ ለማን ነው አቤት የምንለው?» አለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «ሴትዮዋን ታውቃታለህ?» አለኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩት።

እማዬ የተቀመጠችው ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ጥያቄዋን ከቃለ ጉባኤው እንዳወጣው ነገረኝ፤ አወጣሁት። «ከነዋሪው ተቃውሞ አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰኞ ማኅተም ተመትቶበት ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ከስብሰባው ቤት ስገባ እማዬ ምሳዬን አቀረበችልኝ፤ ስለ ስብሰባው ምንም አላነሳችም። እስከ ዛሬም አላነሳችም።

እሁድ በስልክ አውርታችኋል አሉ። ስለ እኔ ያለችሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ካላለችሽ ግን እባክሽ አትጠይቂያት።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ።

ወንድምሽ ተስፋሚካኤል