ጎህ ሳይቀድ የሚዘጋው የትምህርት ቤት በር

ቀን፦ ሚያዝያ 14

ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የጠዋት መግቢያ ሰዓት እንዲስተካከልና ከክፍል የታገደችው ልጄ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ዚፕ የምቀይር፣ ሱሪ የማሳጥር ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይለፉኝ። ንዴቴን ግን እንዲያልፉልኝ አልጠይቅም፤ አስቤበት ነው የተናደድኩት።

1. ልጄ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቦታ ስለማትረጋ የሰፈሩ ሰው ‹ፌንጣ› ነው የሚላት። ያቺ ፌንጣ ዘንድሮ የጎረሰችውን ሳትውጥ ጭንቅላቷ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ልቀሰቅሳት ብርድ ልብሱን ብገልጠው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ካልሲዋን እንዳደረገች ተኝታለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «ለመልበስ የሚጠፋውን ጊዜ ልተኛበት ብዬ ነው እማዬ» አለችኝ። እሷ ፊት ሳቅኩ። ጓዳ ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ።

2. በሩ የሚዘጋው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ከእኛ ሰፈር እስከዚያ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል፤ ስለዚህ ልጄ ከቤት የምትወጣው ከውሻ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለበት ጨለማ ነው። ይህ ሰዓት እንዴት እንደመጣ እርስዎ አዲስ ስለሆኑ ላያውቁ ይችላሉ። የአሮጌው ሕንፃ ጣሪያ አፈሰሰና ክፍል አነሰ። ተማሪ በሁለት ፈረቃ ይማር፣ የጠዋቱ ፈረቃ በማለዳ ገብቶ ለከሰዓቱ ይልቀቅ ተባለ። በወላጆች ስብሰባ «ጊዜያዊ ነው፣ ታገሱን» ስንባል ደግፈው እጅ ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ ጣሪያው ተጠገነ። አዲስ ሕንፃ ተጨመረ። የከሰዓቱ ፈረቃም ቀረ። ሰዓቱን ግን ወደ ቦታው የመለሰው ሰው የለም። ይባስ ብሎ ሩጫውም፣ የኳስ ልምምዱም፣ የክበቡ ስብሰባም ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ተጨመረበት። ተማሪዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሜዳ ርግብ ይጫወትበታል። መምህራኑ ከሰዓት ሌላ ቦታ እንደሚያስተምሩ ሰምቻለሁ። ኑሮ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን የእነሱ ኑሮ በልጄ እንቅልፍ ለምን ይደጎማል?

3. ባለፈው ወር ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ፣ የኋላ ወንበር ጥግ፣ እንቅልፍ ጣላት። አውቶቡሱ ብልሽት ገጥሞት ስለነበር ሹፌሩ ተሳፋሪ አወረድኩ ብሎ ጋራዥ አስገባውና ቆልፎት ሄደ። ልጄ የነቃችው በጨለማ፣ በተቆለፈ መኪና ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። መስኮቱን ስትደበድብ የሰማት መኪና አጣቢው ነው፤ «ሌባ መስሎኝ በባልዲ ውሃ ልደፋባት ነበር» ብሏል። ሹፌሩ እጇን ይዞ እስከ ሱቄ አመጣት። «እትዬ፣ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቢመቱኝ አይፈረድብዎትም» አለኝ። ምን ብዬ ልምታው? እሱስ ቢሆን ሌሊት አይደል የሚነሳው።

4. በማግስቱ ይህንኑ ላስረዳ ከልጄ ጋር ሄድኩ። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው «እትዬ፣ ለእኔ የሰጡኝ ቁልፉን ነው፤ ሰዓቱን አልሰጡኝም» ብሎ እየተሳቀቀ በጎን በር አስገባን። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልሰማኝም። መምህራን በተሰበሰቡበት ክፍል፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ እየሰማች፣ «ለመሆኑ ልጅዎ ሌሊት ሌሊት የት ነው የምታድረው?» ብሎ ጠየቀኝ። የተከበሩ ኃላፊ፣ እኔ የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ።

5. በዚያው ልጄ ስታረፍድና ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ በመገኘቷ ታገደች። በዚህ ትምህርት ቤት እገዳ የሚነሳው ወላጅ በጠዋቱ ሰልፍ ፊት ቆሞ፣ በድምጽ ማጉያ፣ «ልጄን በሥርዓት ባለማሳደጌ ይቅርታ» ሲል ነው። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ሚስት ከእኔ በፊት ይህንኑ ብላ ሳምንት ከቤቷ አልወጣችም። እኔ ግን ፈተና ደርሷልና ለልጄ ስል ውርደቱን ልዋጠው ብዬ ሄድኩ። ድምጽ ማጉያውን ያዝኩ። ቀና ብዬ ባይ መብራቱ ሥር ያ ሁሉ ልጅ ቆሞ ተኝቷል። አንዱ የጓደኛውን ትከሻ ተደግፏል፣ አንዷ ቦርሳዋን አቅፋ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ያጠናሁት ይቅርታ ከአፌ ጠፋ። «ልጆቼ፣ ሂዱና ተኙ» አልኩ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ምክትሉ ድምጽ ማጉያውን ከእጄ ነጠቀኝ። አሁን «እናቷ ተማሪ አሳምጻለች» ተብሎ እገዳው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሆኗል። ያልኩትን ብያለሁ፣ አልክድም። ግን አፌ ባመጣው ልጄ ዓመት ትድገም?

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ልጄ ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ክፍሏ ተመልሳ ፈተናዋን ትቀመጥ። በሩ ፀሐይ ሳትወጣ በማንም ልጅ ላይ አይዘጋ፤ ሩጫውና ክበቡ ርግቦቹ ወደሚጫወቱበት ከሰዓት ይዛወር። ምክትሉ በመምህራን ፊት የጠየቀውን ጥያቄ በዚያው በመምህራን ፊት ስህተት ነበር ብሎ ይሰርዝ። ይቅርታ መጠየቅ ካለብኝ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀው ግን ልጄን ነው፣ በዚያ ስብሰባ እጄን በማውጣቴ።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ አልጨርስም። ልጄ ከታገደች ወዲህ ጠግባ ትተኛለች። የዓይኗ ሥር ጥቁረት ለቋል፤ ቁርሷን ትጨርሳለች፤ ሱቅ መጥታ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ታንጎራጉራለች። እናት ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ልጄ ጤና ያገኘችው ከትምህርት ቤት ስለተባረረች ነው። የተከበሩ ኃላፊ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አይበሉኝ። አልመርጥም።

ንዴቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የተማሪዋ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ