በመምህርት ተናኘወርቅ ኒቆዲሞስ ሞት፦ «ድንገተኛ» ያልነበረ ሐዘን

የሐረር ሥር የሰደደ ሕመም ታማሚዎች መረዳጃ ማኅበር መሥራቹና ሰብሳቢው የነበሩት መምህርት ተናኘወርቅ ኒቆዲሞስ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሐኪሞችና ለከተማው ሕዝብ በከባድ ሐዘን ያስታውቃል። ቁጣውንም አይደብቅም።

ይታከሙበት የነበረው ተቋም «በድንገተኛ የጨጓራ መድማት አረፉ» ብሏል። መድማቱ እውነት ነው። ድንገተኛ ግን አልነበረም። ለወገባቸው ሕመም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨጓራን ሊያደማ የሚችል ማስታገሻ ክኒን ታዞላቸዋል። በካርዳቸው ላይ «ያው ይቀጥል» የሚለው ትእዛዝ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ጨጓራዬን አቃጠለኝ ሲሉ የተሰጣቸው መልስ «ዕድሜ ነው እማማ፣ ይቻሉት» የሚል ነበር።

መምህርት ተናኘወርቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

በ2013 ዓ.ም. ኤረር በር አጠገብ ባለው ቤታቸው ይህን ማኅበር መሠረቱ። ሕመምተኛው ሞልቶ ለሐኪሙ የሚሰጠው የአንድ ገጽ ቅጽም አዘጋጁ። ሕመሙ በየትኛው ሰዓት ይብሳል? የትኛውን ሥራ አስተወዎት? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ? መድኃኒቱስ ምን አደረገብዎ? መድኃኒት አያስፈልግም ብለው አያውቁም። ይሉ የነበረው፣ ለዓመታት የቆየ ሕመም በክኒን ብቻ አይታከምም ነው።

በ2015 ዓ.ም. ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ማሽላ ያመጡ የነበሩትና የወገብ ሕመም ያስቀራቸው ገበሬ አቶ አደም ቅጹን ሞሉ። በመምህርቷ ምክር ሸክማቸውን ከፋፍለው፣ በየቀኑም ርቀቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በእግራቸው ሄደው በስድስት ወር ወደ ገበያቸው ተመለሱ። በቀብሩ ዕለት «ወላሂ፣ ሐኪሙ ወገቤን ነካ እንጂ ሥራህ ምንድን ነው አላለኝም። የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው» ብለዋል።

በ2016 ዓ.ም. ማኅበሩ ሁለት መቶ ቅጾች ለተቋሙ አስረከበ። ከተቋሙ ሐኪሞች ቅጹን ያነበቡት ዶክተር ሳዳ ብቻ ናቸው። እሳቸውም በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ሟች የመጨረሻ ቅጻቸውን የሞሉት ጥቅምት 18 ቀን ነው። ልጃቸው ወይዘሮ ልደት ከቀብሩ በኋላ ከካርዱ ጋር ተያይዞ አገኙት። በመጨረሻው መስመር ላይ በዚያ በምናውቀው ጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት «ሰገራዬ ጠቁሯል» ይላል። ይህ ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ የሚታይ ምልክት መሆኑን ማንም ሐኪም ያውቃል። በዚያው ዕለት ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን ሠላሳ አንደኛው «ያው ይቀጥል» ነው።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለአቶ ወንድወሰን፣ ለወይዘሮ ልደትና ሒሳብ ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለተቋሙ የምንለው የማጽናኛ ቃል የለንም። የላከውን የአበባ ጉንጉን መልሰናል።

አርባ ሁለት አባሎቻችን ዛሬም ያንኑ ክኒን እየወሰዱ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ አሳስበናቸዋል። በዚያው ተቋም የሚቀጥለው ቀጠሯችን ሰኞ ኅዳር 22 ቀን ነው። አርባ ሁለታችንም አብረን እንሄዳለን። በቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ሳንጠየቅ ከወንበራችን አንነሣም።

ማኅበሩ
ሐረር፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.