ምራቂ የማይቀበል አማች

ይድረስ ለእታለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያስቸግርሻል? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኛ ደህና ነን፤ ልጅሽም ስምሽን ሳታነሳ አትውልም፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

ልጅሽን ሊያገባ ስለጠየቀው ሰው "አንተ አይተህ ካልነገርከኝ ለሽማግሌዎቹ መልስ አልሰጥም" ብለሽኛል። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሱቄ የመጣው ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊገዛ ነው። ለክቼ ቆረጥኩለትና እንደ ወጉ አንድ ክንድ ምራቂ ጨመርኩ። እሱ መቀሴን አንስቶ ምራቂዋን ቆረጠና መለሰልኝ! እታለም፣ ምራቂ አነሰኝ ብሎ የተጣላኝ ሞልቷል፤ የመለሰልኝ ግን አይቼ አላውቅም። ትንሹን የናቀ ትልቁን አስቦ ነው አልኩ። በዚያ ላይ በየእረፍቱ ብቻውን ተራራ ይወጣል። ልጅሽን ብጠይቃት "በራዲዮ ሩቅ ካሉ ሰዎች ጋር ሊጫወት ነው፤ ከፍታ ላይ ሞገዱ ርቆ ይደርሳል" አለችኝ። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን! ወይ ሌላ ሚስት ወይ ኮንትሮባንድ አለው ብዬ ደመደምኩ።

ሌላ ሽቦ ሲያዘኝ ነገሩን በሆዴ ይዤ "አብሬህ ልውጣ" አልኩት። ደስ አለው፤ ደስታውም አልጣመኝም። ሽቦውን ስጠቀልል ግን እጄ አላስችል ብሎት ምራቂዋን መሐሉ ደበቅኳት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ያወጣው አንቴና ቆብ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ከጀሪካን ቁራጭ በሠራው ማጠንጠኛ ላይ የተጠመጠመ የእኔው ሽቦ። በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሰቅሎ ራዲዮው ላይ ሰካው። ራዲዮው እምቢ አለ። ድሮስ ብዬ በልቤ ሳቅሁ። እሱ ሽቦውን አወረደና ልኩ በተቋጠረበት ሲባጎ ለካው። "ጋሼ፣ ሞገድ ምራቂ አይወድም፤ ርዝመቱ ልክ ካልሆነ አይሠራም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፣ እርስዎን አምኜ ሳልለካ ወሰድኩ" አለኝ። አፈርኩ፤ ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም።

ትርፉን ቆርጦ መልሶ ሲሰቅለው የሴት ድምፅ መጣ፤ "ዛሬ ምነው ዘገየህ?" ያዝኩህ አልኩ! መነጋገሪያውን ከእጁ ነጥቄ "እኔ የልጅቷ አጎት ነኝ፤ እርስዎ ለዚህ ሰው ምኑ ነዎት?" አልኩ። ከት ብለው ሳቁ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሩቅ አገር ቤታቸው ተቀምጠው በራዲዮ ይነጋገራሉ እንጂ መልኩን አይተው አያውቁም። በምን ያውቁታል ታዲያ ብላቸው፣ "እመጣለሁ ባለበት ሰዓት ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ዝናብ እየደበደበው ተራራውን ወጥቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ 'ዛሬ መጫወት አልችልም፣ እንዳያስቡ ብዬ ነው' ብሎኝ ወረደ" አሉኝ።

አስጠንቷቸው እንዳይሆን ብዬ አወጣሁ አወረድኩ። ግን መነጋገሪያውን እንደምነጥቅ እኔ ራሴ መች አውቄ! ከነገሩ ምንም የማይጠቀም ምስክር ከእሳቸው በላይ አይገኝም። ለሽማግሌዎቹ እሺ በያቸው። እኔ መጠርጠሬን አልተውም፤ የሠርጉ ቀን ሰዓቴን እያየሁ በር ላይ እቆማለሁ።

ባልሽን በእኔ ስም አቅፈሽ ሳሚልኝ። ትንሹን ልጅሽን አጎትህ አልረሳህም በዪልኝ። ለዚያች ወሬ ለማይቀድማት ጎረቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ነገሩን ግን እኔው ስመጣ ልንገራት።

ወንድምሽ
ከሱቁ ባንኮኒ ላይ፣ ግንቦት 6 ቀን