አሥራ ሰባት ትርፍ ሰዎች

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም ሊፍት እየጠበቅሽ ነው? የደም ግፊቱ መድኃኒት ተስማማሽ? ባለቤትሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ጤናችንን ከጠየቅሽ ደኅና ነን። ከጤና ውጭ ያለውን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ማክሰኞ ስትደውዪ «እሺ፣ እሺ» ብዬ የዘጋሁብሽ ተቆጥቼ አይደለም። ስልኩን ከሁለታችን ሌላ የሚሰማው አለ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ በእጇ ታደርስልሻለች። «ፈርምና ተገላገል፤ ፈረምክ አልፈረምክ ሰውየው አይወርድም» ብለሽኛል። ያልሰማሽው ነገር ስላለ ከሥሩ ልንገርሽ።

በምርጫው ቀን የትምህርት ቤታችን ጣቢያ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ባስተማርኩበት ክፍል፣ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጌ ለታዛቢዎቹ እያሳየሁ፣ ሰሌዳው ላይ አምስት አምስት እያደረግሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አገሩን የሚገዙት ሽማግሌ 138፣ ተፎካካሪያቸው ጠበቃዋ 451፣ የተበላሸ 11፤ ድምር 600። ተመዝጋቢው 640 ነው። ፈርሜ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከግቢው የማይጠፋው ዘበኛችን አነበበና፣ እኔን በስልሳ ዓመቴ ዓይንህ ደክሟል ብለው ያሰናበቱኝ ሰውዬ፣ የሳቸው ዓይን በሰማንያ ስድስታቸው ዛሬ ገና ሊበራ ነው ብሎ ሰፈሩን አሳቀው።

በነጋታው ወረቀቱ ከበሩ ላይ የለም። እኔም ምርጫ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ሰብሳቢው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ያኔም ድምር አይሆንለትም ነበር። መምህር አረፍ ይበሉ ብሎ ማኅተም ያረፈበት፣ የኔ ፊርማ ብቻ የጎደለው ወረቀት ፊቴ አኖረ። ሽማግሌው 566፣ ጠበቃዋ 80፣ የተበላሸ 11፤ ድምር 657።

እትዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። በቁጣ መነሣት ሲገባኝ ዓይኔ ድምሩ ላይ ሄደ። እጄ የለመደውን ነው የሠራው፦ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ 657ን ከበብኩና «ከተመዝጋቢው በ17 ይበልጣል» ብዬ ጻፍኩበት። እንዲያውም ገሠጽኩት፤ ዛሬም አታመሳክርም ወይ አልኩት። አቀርቅሮ ይቅርታ መምህር አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ገባውና ሳቀ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የጠፋን ብሎ ሊያስተይብ ወጣ። 566 የነበረው 520 ሆኖ ተመለሰ፤ ድምሩ 611፣ ማንም ምንም የማይልበት። ምን እንደሠራሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ውሸታቸውን አርሜ ሰጠኋቸው!

አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። በቀይ የጻፍኩበትን የመጀመሪያውን ወረቀት ግን ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ትቶት ስለነበር አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት ካልፈረምኩ የድምፅ ወረቀት አጥፍቷል ብለው ሊከሱኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለም። ተማሪዎች በየቀኑ አደባባይ ይወጣሉ፤ አስለቃሽ ጭሱ ክፍል ድረስ ይገባል፤ ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው ይሸጣሉ። ሽማግሌው በቴሌቪዥን ሕዝቡን ሲያመሰግኑ ገጽ የሚገልጥላቸው ሰው ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠባቸው፤ እሳቸው ምንም ሳይመስላቸው ንባባቸውን ቀጠሉ። ባለቤቴ ሸሚዜን፣ ፎጣዬንና የስኳር መድኃኒቴን በቦርሳ ትከትታለች፤ መልሳ ታወጣለች፤ ደግሞ ትከትታለች። አንተ ቀይ እስክሪብቶህን እንደያዝክ ነው መቃብር የምትገባው ትለኛለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ እጅጌዬን እየለካ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ መምህር የኔን ድምፅ የት አደረሷት ብሎ ጠየቀኝ። ኮቱን ትቼለት ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰብሳቢው ደወለ። ያቺን ወረቀት ይመልሱ፣ የእርስዎ ጽሑፍ ነው ያለባት፣ ብትወጣ አብረን ነው የምንጠፋው አለኝ። በዕድሜው አንድ ቀን ሒሳብ ልክ መጣለት። ጠበቃዋ አቤት ብላለች፤ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ የሚቀበለው እስከ ነገ ነው። ወረቀቱ ከቀረበ የሰረቁት ይታያሉ፤ ያረመላቸውም ይታያል። ግማሹ ከተማ በዚያ ቀይ ጽሑፍ ስር ያለፈ ተማሪዬ ነው፤ አይጠፋቸውም።

አቀርበዋለሁ፣ እትዬ። ዳኛው ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም። ይህን ማን ጻፈው ሲሉኝ ግን እኔ ነኝ እላለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ በራዲዮ መምህሩ ራሱ ተባባሪ ነበር ሲሉ ብትሰሚ፣ ከነሱ አፍ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ። ደብዳቤውን እንዳሸግሁ ለባለቤቴ እነግራታለሁ፤ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ደውዪላት። አትምከሪያት፤ ስሚያት ብቻ።

ባለቤትሽን ሳልህን ችላ አትበል ብሎሃል በዪልኝ። ትልቋን በፈተናዋ አይዞሽ በያት። መንትዮቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ አንዱን ሁለቴ ስመሽ ሌላውን እንዳታስቀይሚ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ። አጎታችን ምን አደረገ ብለው ልጆቹ ከጠየቁሽ፣ ያጠፋሁትን አስቀድሚ።

ወንድምሽ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከቤታችን የኋላ ክፍል