የኋላው ግራ እግር

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ጤናው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ሁሉም ደህና ሆኖ አይደለም። እሱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፣ ብቻ አትደንግጥ።

በስልክ ያልነገርኩህ አባትህ ስላለ ነው። በወርክሾፑና በመኝታ ቤቱ መሃል ያለው ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታውቃለህ። የሱ ጆሮ ደግሞ ዘንድሮ ይበልጥ ስል ሆኗል፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ሻዬ ላይ ስኳር ስጨምር እሱ ከሳሎን "ሁለተኛው ማንኪያ ምንድነው?" ይለኛል። በስልኩ ጽሑፍ ልላክልህ እንዳልል፣ በአንድ ጣት እየነካካሁ ይህን ሁሉ ብል ገና ሰላምታው ላይ እያለሁ ይመሽብኛል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ።

የአባትህ ነገር ዐይኑ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ የጠረጴዛ ጠርዝ ሲልግ መላጊያው ስቶ ጣቱን ጫረው። እሱ ግን ጠማማው እንጨቱ ነው ብሎ ተሟገተኝ። ከዚያ በር ሲስት፣ ብርጭቆ ሲጥል፣ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ የዐይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ ሲጎዳው ኖሯል አለች። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለችን። "እስከ መቼ ይቆያል?" ስላት የጠብታውን አጠቃቀም ደግማ አስረዳችኝ።

ከዚያ ወዲህ መጋዙን ሰቅሎ ቁጭ አለ። አቀማመጡን አትጠይቀኝ። ስናገረው "እሺ"፣ ሳልናገረው ዝም። እኔ እንደ ድሮው የሰው ሶፋ እያለበስኩ፣ ስፖንጅ እየቆረጥኩ፣ በአንድ ዐይኔ እሱን እጠብቃለሁ። ሰው በቁሙ ከቤቱ ሲጠፋ ማየት ከባድ ነው ልጄ። ፈርቼ ነበር።

ከዚህ ያወጣችን ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ናት። የደንበኛ ወንበሯን ቆዳ ላድስላት አምጥታልኝ ነበርና ልትወስድ መጣች። እኔ የመጨረሻዎቹን ምስማሮች እስክመታ ስልኳን እያየች ብቻዋን ትስቃለች።

"ምን አግኝተሽ ነው?" አልኳት።

"ነይ እዪ እማማ። እንዲህ የሚያደርጋቸው ሥራ ቢያጡ ነው።"

ከየአገሩ ያሉ ሰዎች ፈልስፈው የሠሩትን የሚያሳዩበት ገጽ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ እጀታውና አፉ በአንድ ወገን፣ ቀድቶ ለመጠጣት ሳይሆን ራስን ለማቃጠል የተሠራ። ቀጥሎ ሁለት እጀታ ያለው የባልና ሚስት ጃንጥላ፣ አንዱ ካኮረፈ ሁለቱም የሚበሰብሱበት። ደግሞ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ መሃሉ ተጎድጉዶ ድመት የምትተኛበት፤ ሥራውን ማን እንደሚሠራው እንጃ። ከተሰባበሩ ሳህኖች የተሠራ ዓሣም ነበር፣ እሱ እንኳ እውነትም ያምራል። ሳቄ መጣ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ። ልጅቷም ገጹን እኔ ስልክ ላይ አስገባችልኝ።

ከምሳ በኋላ አባትህ አጠገብ ቁጭ ብዬ "እስቲ ይህን እይ፣ ከመጥረጊያ እንጨት ብቻ የተሠራ አልጋ" አልኩት። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋሁ።

"ማን ነው የሚተኛበት?" አለ።

"ሰው ነዋ።"

"ሰው አይተኛበትም። መጥረጊያ ነው የሚተኛበት። ማገሩ የት አለ? ይሄ ሰውዬ አናጢ ነኝ ካለ እኔ አብራሪ ነኝ።"

ተቆጣ ልጄ። እንደዚያ ሲቆጣ ከሰማሁት ወራት አልፎ ነበርና ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገርህ። በማግስቱ ሌላ አመጣሁ፣ በማግስቱም ሌላ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሻያችንን ይዘን መጋረጃው ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይፈርዳል። ግማሹን ዓለም ተጣላው። አልፎ አልፎ ብቻ "ይሄኛው አስቦበታል" ይላል፤ ያን ዕለት እራቱንም ጨርሶ ይበላል። ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ "ማነው የሠራው?" ስማቸውን አነባለሁ። "ወጣት ነው? ፎቶው አለ?" ይላል። አለ ወይም የለም እለዋለሁ። ሰውዬው ምን ያደርግለታል ብዬ አንዳንዴ ይታክተኝ ነበር።

አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለህ፣ ስለ አንድ መሰላል ስነግረው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። እኔ ሳላውቅ ጥቁሩን መስታወት ፊቱ ላይ ይዤለት አወራለሁ። እሱ እያየው "ጥሩ ነው፣ ግን ሦስተኛው ደረጃ ሰፍቷል" አለኝ።

ስልኩን ወደ እኔ ዘወር ሳደርገው ጠፍቷል፤ ቀና ብዬ አየሁት። ቀጥ ብሎ ስልኩን እያየ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንዱንም አላየውም። ሲያይ የከረመው በእኔ አፍ ነው።

ማወቄን አላሳወቅሁትም። ሰው እንደሚያይ ሆኖ ሊቀመጥ ሲፈልግ ወንበሩን አትስብበትም። ብቻ ከዚያ ወዲያ አነጋገሬን አስተካከልኩ። ድሮ "ቆንጆ ነው" ብዬ የማልፈውን አሁን በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ፣ እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማዕዘኑ በምን እንደተጋጠመ፣ ቀለሙ የተቀባ ይሁን የተፈጥሮ እነግረዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማየት የተማርኩት ለማያይ ሰው ስነግር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ዓርብ እንደልማዳችን ተቀምጠን ሳለ አንድ ቪዲዮ መጣ። ተራ የእንጨት ወንበር ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበት ግን ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ዘንበል ይልና ይመለሳል፣ ዘንበል ይልና ይመለሳል። ከተቀመጠው ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት ጢሙን ነው። ከዚያ ጉልበቱን አቅፎ መቀመጡን አየሁ። ያን አቀማመጥ ያልወለደ አያውቀውም።

እኔ ስጠይቅህ "እንጨት ነክ ነገር እሠራለሁ" ስትለኝ የኖርከው ይሄን ኖሯል? ያን ሁሉ ሕዝብ እያሳየህ እናትህ እንደ ማንም ሰው በስልክ ትየው? እሱን ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

አንተ ነህ ብዬ ስምህን ብጠራ ተነስቶ የሚሄድ መሰለኝ። እዚህ ቤት ስምህ ከተነሳ ስንት ዓመት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ዝም ስል ግን ድምፁ ይሰማል፤ ወንበሩ ሲያዘነብል "ቋ"፣ ሲመለስ "ቋ"።

አባትህ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ድገሚው" አለኝ።

ደገምኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

"ረዘም ያለው የኋላው ግራ እግር ነው" አለ።

አየሁት። እውነቱን ነው። "አዎ" አልኩት።

እንደወትሮው ማነው የሠራው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ከስቷል እንዴ?" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። "አልከሳም፣ ጢም አሳድጓል" አልኩት። "እንዴት አወቅህ?" ስለው፣ "እንዲህ ያለ የእብድ ሥራ የሚሰበሰብበት ቦታ ካለማ እሱም አይጠፋም ብዬ ስጠብቅ ነበር" አለ። ለካ በየቀኑ ስምና ፎቶ የሚያስቆጥረኝ አንተን ሲፈልግ ኖሯል።

ከዚያ ለስብሰባ አዳራሹ የሠራቸውን ወንበሮች ነገር፣ እኔ ያልነበርኩበት ይመስል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ። ወንበር ሁሉ የሚፈተሽበት ያ የወርክሾፑ ቦታ በዘመን ብዛት መሬቱ ጎድጉዶ እሱ እንዳላወቀ፤ ጎድጓዳው ውስጥ የምትገባዋን እግር ብቻ ሳያውቅ እያስረዘመ፣ እዚያ ላይ ቀጥ ያሉትን ወንበሮች በኩራት ለአዳራሹ እንዳስረከበ፤ ሕዝቡ ሲቀመጥ አዳራሹ በሙሉ "ቋ ቋ" ብሎ ተናጋሪው ንግግሩን እንዳቋረጠ። ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እሱ ወንበሮቹን በጋሪ ሲመልስ፣ አንተ "አባባ፣ አንዱን እንኳ እንተወው፣ ሲቀመጡበት እኮ ደስ ይላል" ማለትህን ነገረኝ። "በውርደቴ ትቀልዳለህ" ብሎ ከቤት ማስወጣቱን፣ አንተም እንደወጣህ መቅረትህን ነገረኝ።

ሲጨርስ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። "ልጁ ሲለምነኝ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተወዛወዘ ነበር። እኔ የማየው የወንበሩን እግር ነበር። ፊቱን አላየሁትም" አለኝ።

በማግስቱ ፀጉር ሠሪዋን ጠርቶ ከቪዲዮው ሥር ሰዎች የጻፉትን አስተረጎማት። አንዷ ሴት ሕፃኗ አልተኛም ሲላት ይዛው ከአንተ በገዛችው እንዲህ ያለ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥና ቶሎ እንደሚተኛላት ጽፋ ነበር። እሱን ሁለት ጊዜ አስነበበ። ከዚያ እኔን "አየሽ፣ ከእኛ ወርክሾፕ የወጣ ነው" አለኝ፤ ልክ እኔ እንደተከራከርኩት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ በትሩን ይዞ ወርክሾፕ ገባና ያቺን ጎድጓዳ ቦታ በጫማው ሲዳስስ አገኘሁት። ሥራ ትቶ ከተቀመጠ ወዲህ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬ ጠዋት "ጻፊለት" አለኝ። ቃሉ ይኸውና፣ አንዱንም አልጨመርኩበትም።

"እግሩ ግማሽ ጣት በዝቶበታል በይው። ሲመለስ ይመታል፣ ድምፁ ያስታውቃል። ወንበር ሰውን ሲመልስ ቀስ አድርጎ ነው።"

"እሺ፣ ግማሽ ጣት ይቀንሰው?"

"ምን ያህል እንደሚቀነስ በወሬ ይታወቃል? ተቀምጬበት ነው እንጂ።"

"ታዲያ ይላከው?" አልኩት።

ጠብታውን አንስቶ በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። "ወንበር ብቻውን መጥቶ ምን ያደርግልኛል" አለኝና ወጣ።

አባትህ ከዚህ በላይ እንደማይናገር ታውቃለህ። እኔ ግን አፍ አለኝና ልናገር። ናፍቀኸናል። እሱም እኔም ናፍቀኸናል። ና።

ዐይኑን በተመለከተ ሳልደብቅ ልንገርህ። ራቅ ያለ ነገር አያይም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቅርቡንም አያይም። ጠዋት ግን፣ ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ስትገባ፣ ብርሃኑ ውስጥ ተጠግቼ ስቆምለት ፊቴን ያየዋል። በቀደም እለት ግንባርሽ ላይ አዲስ መስመር ወጥቷል ብሎኝ ልናደድ ስል ደስ አለኝ። ይህ የጠዋት ብርሃን እስከ መቼ እንደሚቆይለት ማንም አልነገረኝም።

እጅህን ይባርክልህ። የሚያይህን ሰው ሁሉ እንደ እናት ያድርግልህ። የምታርፍበት አይጥፋ፣ መንገድህንም ፈጣሪ ያሳጥርልህ። ስትመጣ ከቻልክ በጠዋት ድረስ።

የምትወድህ
እናትህ