«ትመጣለች» የተባለው ማሳ

ሰኞ ማለዳ፣ ከዝናቡ ማግስት

ለምወድሽ ልጄ ለቀጮ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የልብስ ስፌቱ ሥራስ? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ይህን ጽሑፍ ደህና አድርገሽ እዪው፤ እንደ ወትሮው የፀጉር አስተካካዩ አይደለም፣ የአባትሽ የገዛ እጅ ነው! ከማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ። ስንት ተማሪ ነበር ብለሽ ነገር አታበላሺ። እሱ ሲጽፍልኝ መንደሩ ሁሉ ይሰማብኛል ብዬ ስንቱን ነገር ዋጥኩት መሰለሽ!

ሰሞኑን ካርታ የሚሠሩ ቀያሾች መጥተው ነበር። የየቦታውን ስም የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ከእኔ ሌላ ማን አለ? በጉም ውስጥ እየመራሁ አዞርኳቸው። እኔ ስም ስጠራ ቦታው ከጉሙ ብቅ ይላል፤ መሬቱን ያኔ የፈጠርኩት እስኪመስለኝ። ጅረቱን "አህያ ያሰበችበት" አልኳቸው፤ የወፍጮ ቤቱ አህያ አልሻገርም ብላ ስታስብ የዋለችበት ነው። ቁልቁለቱን "አማች መውደቂያ" አልኳቸው። የወደቀውን አማች ስም ግን ደበቅኩ፤ እናትሽ ከኋላ ሆና በሳቅ አጋለጠችኝ እንጂ።

ከዚያም በመኪና መንገዱ ዳር ካለው ማሳችን ደረስን።

"ይሄስ ምን ይባላል?" አለ ቀያሹ።

ስም ጠሪው እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

"ትመጣለች" አለች እናትሽ።

"ማን?"

"ማሳው ነዋ፣ ጌታዬ።"

አንቺ አታውቂውም፤ ከሄድሽ በኋላ የወጣ ስም ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ቀና ስል፣ "ዛሬም ልጅህን ነው የምትጠብቀው?" ይሉኛል ጎረቤቶቻችን። "ትመጣለች" እላለሁ። መጀመሪያ አሾፉብኝ። አሁን ግን አንቺን የማያውቁ ልጆች እንኳ፣ ሳይስቁ፣ "ላሞቹ ትመጣለች ጋ ናቸው" ይላሉ።

ቀያሹ ጻፈው። ማታ እናትሽ እራቷን አልበላችም። "አሁንማ በመንግሥት ወረቀት ጸደቀ፤ ትመጣለች እንደተባለ ልትቀር ነው" አለች። እኔ ግን መልስ አላጣሁም። አህያዋ እኮ ኋላ ላይ ተሻግራለች! ጅረቱ ስሙን አልቀየረም። አህያ አለኝ ብለሽ እንዳትቀየሚ፤ ብትመጪ ካርታው አይበላሽም ለማለት ነው። ቀያሹንም ጠይቄዋለሁ።

እጅሽ የነካው ይባረክ፤ መንገድሽ ይቅና፤ ክፉ አይንካሽ። ሌላም ልጽፍልሽ ነበር፣ ግን የአውቶቡሱን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ልበል።

አንደኛ የወጣው አባትሽ
ከማሳው ዳር